ከራስጌዬ ያለው ዳቦ

ጥቅምት 7

ሙሉ ቀን ስቋጥር ዋልኩ። የአሥራ ስምንት ቀን ስንቅ ለአራት ሰው። ሩዝ፣ ምስር ክክ፣ የደረቀ ዓሣ፣ ስኳር፣ ጨው። ደረቅ ዳቦ ሰባ ሁለት፤ ለአንድ ሰው በቀን አንድ። የየቀኑ በፌስታል ተለይቶ፣ ፌስታሉ በከረጢት፣ ከረጢቱ በወፍራም ጆንያ። ወገቤ አለቀ።

የወንድሜ ልጅ በሩን ተደግፎ ያየኛል። መንገድ መሪ ነው፤ እግረኞችን ጫካውንና ተራራውን ያሻግራል። እኔ አበስልለታለሁ። እስከ ዛሬ የሁለትና የሦስት ቀን መንገድ ነበር፤ የምናድረውም በድንጋይ ቤት። እንዲህ ረጅሙን፣ በድንኳን፣ ገና አሁን ነው።

«አክስቴ፣ ሕጉን ልድገምልሽ?»

«ድገመው። ደንቆሮ ነኝ።»

«ሽታ ያለው ነገር ድንኳን ውስጥ አያድርም። ምግብ ብቻ አይደለም፤ ሳሙናም ቅባትም። ሁሉም ጆንያ ገብቶ፣ ከድንኳን ሁለት መቶ እርምጃ ርቆ፣ ዛፍ ላይ ይሰቀላል። አውሬ አንድ ሰው ከነካብኝ ፈቃዴን ይነጥቁኛል። ያን ጊዜ እኔም አንቺም…»

አልጨረሰውም። ምን መጨረስ ያስፈልገዋል? ከእሱ ሌላ ማን አለኝ።

ሲናገር አባቱን ይመስላል። ወንድሜን። እሱ ትምህርት ቤት ሲላክ እኔ ሰው ቤት ተላክሁ። ከዚያ በአዳሪ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት… የሰው ልጅ ሲያነብ በመስኮት እየሰማሁ ድስት ፈገፈግሁ። ሀ ያልኩት በሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው፤ በማታ ትምህርት፣ ጉልበቴ አግዳሚው ሥር አልገባ እያለ። ወንድሜ አንድ ቀን እንኳ «ነይ፣ ይህችን ፊደል ላሳይሽ» አላለኝም። ሞተ። «ይቅር በይው» ይሉኛል። እኔ አላልኩም።

አሁን ደግሞ ከደብተር አልላቀቅም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ማለት እኔ ነኝ።

ለልጁ ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ። ከራስጌዬ ዳቦ አለ። አንድ፣ በሦስት ፌስታል የተጠቀለለ። የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ ሰው ቤት የገባሁ ዕለት ራት ረሱኝ። አልተናገርኩም። በማግስቱ አንድ ቁራሽ ደበቅሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ዳቦ ተኝቼ አላውቅም። አልሰርቅም። ድርሻዬን እደብቅና የቆየውን እበላለሁ። እዚያ መኖሩን ካላወቅሁ ዓይኔ አይከደንም።

ማንን ይጎዳል?

ጥቅምት 9

ተነሣን። እግረኞቹ ባልና ሚስት ናቸው። እሱ የጥርስ ሐኪም፤ አፉ አያርፍም። እሷ ዝምተኛ፣ አርባ ገደማ። ስትራመድ መሬቱን ይቅርታ የምትጠይቅ ትመስላለች። እሱ ስለሚያንኮራፋ በየድንኳናቸው ነው የሚያድሩት። የኔ ድንኳን ሰፋ ይላል፤ ድስቶቹም ከኔ ጋር ስለሚያድሩ። እነሱ ታጥበው ነው የሚገቡት…

አመሻሽ ላይ ጆንያው ሲሰቀል ሁሉም ቆመው አዩ። የወንድሜ ልጅ ሁለት መቶውን ጮክ ብሎ ቆጠረ። የገመዱን ጫፍ ድንጋይ ላይ አሰረና በቅርንጫፍ ላይ አሻግሮ ወረወረው። ጎተትነው። ከመሬት ሁለት ሰው ቁመት፣ ከግንዱ ሁለት ክንድ ራቅ።

ሐኪሙ የጥርስ ሳሙናውን አልሰጥም አለ። «ለሙያዬ ውርደት ነው!»

«ይያዙት» አልኩት። «አውሬው መጥቶ ጥርሱን ሲያሳይዎት ይቦርሹለታል።»

ሳቀ። «እማማ፣ እርስዎ ጥርስ አለዎት ወይስ ምላስ ብቻ?»

እማማ! ማን ወለደው? ግን እኔም ሳቅሁ። ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ።

ጥቅምት 10

እግሬ አበጠ። ሌላ ምንም።

ጥቅምት 12

ጠዋት ስወጣ ከድንኳኔ ጎን ሣሩ ተኝቷል። በራሴ በኩል። ሜዳው በሙሉ በጤዛ ነጭ ነው፤ እዚያ ብቻ ደረቅ። የሰው ቁመት ያህል ይሆናል። እጄን አኖርኩበት… ይሞቃል።

የወንድሜ ልጅ ተንበርክኮ አሸተተ። ሄዶ ጆንያውን አየ። አልተነካም፤ ከሥሩም ዱካ የለም።

«ጅብ ቢሆን ይጮህ ነበር» አለ። «ነብር ቢሆን ጆንያውን ሳይሞክር አይመለስም። ይሄ ምንም አልሞከረም። መጥቶ ተኝቶ ነው ያደረው።»

«ምን ፈልጎ?» አለች ሚስቲቱ።

«ድንኳኑ ውስጥ የሚበላ ነገር ያለው ሰው አለ?»

የለም አሉ። እኔም የለም አልኩ። ምላሴን እንኳ አላደናቀፈኝም።

ጥቅምት 13

የስምንት ሰዓት መንገድ ርቀን ነው የሰፈርነው። ልፈትን ብዬ ዞሬ ተኛሁ፤ ራሴን እግሬ በነበረበት፣ ዳቦውንም ከኔ ጋር።

ጠዋት ሣሩ በዚያኛው በኩል ተኝቷል።

ለማንም ሳልናገር ሣሩን በእግሬ እያበጣጠርሁ አነሣሁት። ለምን እንዲህ አደረግሁ? ልጣለው ብል፣ ልጁ «የሰው ምግብ የቀመሰ አውሬ ከሰው አይለይም» ይላል። ጆንያ ልመልሰው ብል ይቆጥራል። ልብላውስ? በላሁት እንበል፤ ሌሊቱንስ በምን ልተኛ?

ጥቅምት 14

ከወንዙ ወዲህ ጭቃ አለ። ሐኪሙ የጫማውን ክር ሊያስር ወደኋላ ቀርቶ ነበር። ተጣራ። ድምፁ የሱ አልመስል አለኝ።

ያለፍንበት የአራት ሰው ዱካ በጭቃው ላይ ተሰድሯል። ሦስቱ ንጹሕ ነው። አራተኛው ተረከዙ የተበላ ጫማ ነው፤ የኔ። በያንዳንዱ የኔ ዱካ ውስጥ ሌላ ዱካ አለ። ሰፊ፣ ለስላሳ፣ ጥፍር የሌለው። ልክ መሐሉን ረግጦ ነው የሄደው። አንዱንም አልሳተም። ውሃው ገና እየሞላው ነበር።

በቀን… በጠራራ ፀሐይ። ዞረን አየን። ዛፍ ብቻ። ወፍ እንኳ አልጮኸም። ሐኪሙ ቀልድ አጣ።

ልጻፈው? ማንም አያየውምና ልጻፈው። ፈራሁ፤ ግን ሌላም ነገር ተሰማኝ። በዕድሜዬ ማንም ተከትሎኝ አያውቅም። ባሌ እንኳ ነፍሱን ይማረውና ሁልጊዜ ከፊቴ ነበር የሚሄደው።

ጥቅምት 15

ዛሬ ሳንነሣ የወንድሜ ልጅ ድንኳኖቹን በረበረ። መጀመሪያ የራሱን ፊታችን አራገፈ። የሐኪሙን። የሚስቲቱን። ከሹራቧ ኪስ ሁለት የሳል ከረሜላ ወጣ።

«ይኸው!» አለ።

«ረስቼው ነው… እኔ እኮ…» አለች። ባሏ አያት የማያውቅ ይመስል አያት።

ልጁ ወደ ኔ ዞረ። ዳቦው ብርድ ልብሴ ውስጥ ነበር። እጁን አንዴ ቢሰድ ያገኘዋል።

«የእማማስ?» አለ ሐኪሙ።

«የአክስቴን አልበረብርም።»

«አውሬው እኮ በሷ በኩል ነው የሚተኛው!»

«እናቴ አልጋ ላይ ስትውል ከትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ድርሻዋን እያመጣች ያሳደገችኝ ናት። የሷን ቦርሳ ከምፈትሽ እጄ ይቆረጥ። ድንኳኖቹ ጎን ለጎን ናቸው፤ የከረሜላውን ሽታ ንፋስ ነው የወሰደው።» ከዚያ ለሚስቲቱ፣ «እህቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከአክስቴ ጋር ይደሩ። እዚያ ንጹሕ ነው።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። እሱ እንዲያ አፉን ሞልቶ ሲመሰክርልኝ እንዴት ብዬ ላዋርደው? ወይስ የራሴን ውርደት ነው የፈራሁት? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

እሷ ቀኑን ሙሉ አንገቷን ደፍታ ሄደች። ድስት ስታለቃልቅልኝ እንባዋ ድስቱ ውስጥ ጠብ አለ። «እትዬ፣ ደግሞ እርስዎን ላጣብብዎት ነው» አለችኝ።

ጥቅምት 16፣ ጠዋት

ፊደሉ ተጣመመ።

ትናንት አመሻሹ ላይ «መኝታዎን እኔ ላንጥፍልዎ» አለች። ዳቦውን እንዳታገኘው ፈጥኜ ከወዲያኛው ጥግ፣ ከድንኳኑ ጨርቅ ሥር ወሸቅሁት። እሷ አንጥፋ ስታበቃ ራሷን የት አደረገች? እዚያው። ቦታ እንለዋወጥ ብላት ለምን ትለኛለች። ዝም አልኩ። ስድሳ አንድ ዓመት ሙሉ ዝም አላልኩም፤ ዝም ማለት የሌለብኝ ሌሊት ዝም አልኩ።

ስንነቃ ፊቷ በርቷል።

«እትዬ፣ ሌሊት ጸጉሬን ሲደባብሱኝ ነበር።»

«ማን?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ! ቀስ እያሉ፣ ከላይ ወደ ታች። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲያ ያደረገኝ የለም። እንዳያቆሙ ብዬ የተኛሁ መሰልኩ።»

እጄን ከብርድ ልብሴ አላወጣሁም። ሌሊቱን በሙሉ።

ወጥቼ ዞርኩ። በሷ ራስ በኩል ሣሩ ተኝቷል። የድንኳኑ ጨርቅ ወደ ውስጥ ተገፍቶ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ቀርቷል፤ እርጥብ ነው። እርጥቡ ላይ አራት መስመር ከላይ ወደ ታች ወርዷል። ክሩ ሳስቷል። አልተቀደደም።

ጥፍር አለው ለካ። ጭቃው ላይ ሸሽጎት ነበር።

ዛሬ ደባበሰ። ነገስ?

ጥቅምት 16፣ ከምሳ በኋላ

ነገርኩ።

ምሳ ሲቀርብ አራቱን ዳቦ አደልኩ፤ ከብብቴ አምስተኛውን አውጥቼ መሐል አኖርኩት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። እኔ የብብቴን አወጣሁና ሁሉንም ጣልኩ።

የወንድሜ ልጅ ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ። «ይሄ ከየት መጣ?»

«ከራስጌዬ። ትናንት ማታ ደግሞ ከሷ ራስጌ።»

ሐኪሙ ተነሣ። ሳህኑ ተገለበጠ። «ሚስቴን! ሚስቴን እዚያ ላይ አስተኛሽ? አንቺ አሮጊት!» እማማ ይሻለኝ ነበር።

ልጁ ቁጭ እንዳለ ነው። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከስምንት ዓመቴ።»

«ጠይቄሽ ነበር እኮ፣ አክስቴ።»

«ጠይቀኸኛል። አልበረበርከኝም።»

አመለጠኝ። ልመልሰው ብፈልግ ከየት። ልጁ ፊቱ አመድ መሰለ። «አክብሬሽ ነዋ» አለ፤ ድምፁ እንደ ሕፃን ሆነ። ልጅ ሳለ ሲርበው እንዲያ ነበር የሚናገረው።

ሚስቲቱ አልጮኸችም። ጠጋ ብላ ጠየቀችኝ። «ሌሊት… ያ እርስዎ አልነበሩም?»

«አልነበርኩም፣ ልጄ።»

እጇን ወደ ጸጉሯ ሰደደች። እዚያው ቀረ።

ጥቅምት 17

ትናንት ዳቦው ጆንያ ገባ። ግን ዳቦ ብቻ ነው እንዴ? ልጁ ዕቃዬን አንድ በአንድ አሸተተ። ብርድ ልብሱ፣ ትራሱ፣ ነጠላዬ፣ ፍራሹ። «ይሄም» ይላል። «ይሄም።» የስንት ዓመት ሽታ ነው። ሁሉም በገመድ ታስሮ ለብቻው ዛፍ ላይ ተሰቀለ፤ ሁለት መቶ እርምጃ፣ በጆንያው ተቃራኒ። ብርድ ልብሱ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ሰው መሰለ። ዓይኔን መለስሁ።

እኔም እሸታለሁ። ሚስቲቱ ወንዝ ወረደችና ጸጉሬን አጠበችኝ። አልጠየቅኋትም። «ጎንበስ ይበሉ» አለች፤ ሌላ ቃል የለም። ጸጉሬን ስባ ስባ አሻሸችው፣ ቆዳዬ እስኪግል። ደግ አደረገች። የሐኪሙን ሹራብ አለበሱኝ። እሷ ወደ ራሷ ድንኳን ተመለሰች።

እንቅልፍ? እጄ ራስጌዬን ሲዳብስ አደረ። ባዶ። መጣ። ሰማሁት። ድንኳኑን ዞረ፣ ከራሴ ጋር እኩል ሲደርስ ቆመ። አየር ሳበ… ረጅም። ተመልሶ ሲተነፍስ አልሰማሁም። ሄደ።

ሲነጋ አራታችንም አብረን ወጣን። በድንኳኖቹ ዙሪያ ሣሩ እንደቆመ ነው። ከተሰቀለው ብርድ ልብስ ሥር ግን፣ ትክክል ከሥሩ፣ ሣሩ ተኝቷል። አውሬው ከመተኛቱ በፊት ብዙ ጊዜ ዞሯል፤ ሣሩ ክብ ሆኖ ተጠምዝዟል። ቤቱ ነው የሚመስለው።

ሐኪሙ፣ «እናውርደውና እንሂድ» አለ።

«አናወርደውም» አለ የወንድሜ ልጅ። ከኋላ ምንም አትተዉ የሚለው ሕግ የሱ ነው። ሕጉን አፈረሰ።

ከቀትር በኋላ ጭቃ አገኘን። ሁላችንም ተሻግረን ቆምን፤ ዞረን አየን። ጠበቅን። የኔ ዱካ የኔ ብቻ ነው። ተረከዙ የተበላ፣ ባዶ። እነሱ ተንፈስ አሉ። እኔ ግን ያን ባዶ ዱካ ሳየው… ምን ነካኝ? ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ንፋስ ነው አልኳቸው። ንፋስ አልነበረም።

ጥቅምት 20

ልጁ እስከ ዛሬ «ውሃ»፣ «ጨው»፣ «እንነሣ» ብቻ ነው የሚለኝ። ጆንያውን ስንጎትት እንኳ ከኔ ጋር አይስብም።

ሦስት ሰዓት ያህል ተኛሁ። ያለ ምንም።

ጥቅምት 26

ደረስን። አራት ሆነን ሄደን አራት ሆነን ገባን። ልጁ የሆነውን ሁሉ በወረቀት ጽፎ ሰጠ፤ የሐኪሙ ሚስት ጭረት ስላልነካት ፈቃዱ አልተነሣበትም። ማስጠንቀቂያ ብቻ።

ሐኪሙ ሳይሰናበተኝ መኪና ውስጥ ገባ። እሷ ተመልሳ መጣች። ጸጉሯን አሳጥራዋለች፤ ዛሬ ጠዋት ራሷ፣ በወጥ ቤት መቀስ።

«እትዬ፣ አሁን ይተኛሉ?»

«አልፎ አልፎ።»

«እኔ አልተኛም» አለች። «ከባድ ነገር አይደለም። ብቻ ዓይኔን ስከድን እጁን እጠብቃለሁ።»

ይቅርታ ልላት አሰብኩ። ቃሉን አውቀዋለሁ፣ እጽፈዋለሁ። አፌ ላይ አልመጣም። እጇን ያዝኩ። አልነጠቀችኝም። መኪናው ሦስት ጊዜ ጠራት።

ኅዳር 14

አልፈልግሽም ይለኛል ብዬ ስጠብቅ ነበር። ዛሬ ጠዋት አዲሶቹ እግረኞች ግቢ ውስጥ ተሰብስበው ሳለ ወጥ ቤት በር ላይ መጥቶ ቆመ።

«አክስቴ፣ ቦርሳሽን ይዘሽ ውጪ።»

ወጣሁ። ከሁሉም በፊት የኔን፣ በሰው ፊት፣ መሬት ላይ አራገፈው። የውስጥ ልብሴ፣ ማበጠሪያዬ፣ የጉልበቴ ቅባት። ከእግረኞቹ አንዱ ሽማግሌ ደነገጠ። «ኧረ ተው ልጄ! እናትህን?»

«አክስቴ ናት» አለ። እጁን አላቆመም። ኪሶቹን ገለበጠ። አዲሱን ትራሴን አፍንጫው ላይ ለጥፎ ቆየ።

ከአዳሪ ትምህርት ቤቱ ስወጣ ሁልጊዜ ማታ በር ላይ ይፈትሹኝ ነበር፤ ዳቦ ሰርቃ እንደሆነ ብለው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ ተቃጠልሁ። ዛሬ ቆሜ ሳይ ምንም አልተቃጠለም። እነዚያ ሲፈትሹ ዓይኔን አያዩም ነበር። ይሄ እያንዳንዱን ሲያነሣ ያየኛል። ጨርሶ፣ «እሺ» አለ። «አንቺ ትሄጃለሽ።» ከዚያ ልብሴን አንድ በአንድ እያጠፈ መለሰልኝ። ወንድሜ ልብስ ማጠፍ አያውቅም ነበር።

ደብተሩንም አገኘው። ያነባል፤ የአባቱ ልጅ ነው። ገልጦ ሊያይ ይችል ነበር። አልገለጠውም፤ አሸተተው።

«ይሄም ይሸታል፣ አክስቴ።»

«ምን ይደረግ?»

«ይሰቀላል።»

አሁን የመጀመሪያው ሰፈር ደርሰናል። ፀሐይ ልትገባ ነው። ገመዱ ቅርንጫፉን ተሻግሯል፤ ልጁ የጆንያውን አፍ ከፍቶ «ነይ እንጂ» ይለኛል። ገመዱን ከሱ ጋር ልይዝለት ነው፤ ነይ ያለኝ እሱ ነው። ደብተሩ ዛፍ ላይ ያድራል። እኔ ከሁለት መቶ እርምጃ ወዲህ፣ ባዶ እጄን።